አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ለሁሉም ሞተር ልክ አይደለም

በአዲስ አበባ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ በቃሉ የያዘው አንድ ቁጥር አለ፤ 5,000። ዘይት በተቀየረ ቁጥር የላቫጆው ወይም የጋራዡ ሠራተኛ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር አይቶ 5,000 ይደምርበትና በትንሽ ካርድ ጽፎ ይሰጣል። ከቦሌ ፒያሳ ለሚመላለሰው ቪትዝም፣ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ለሚውለው ኮሮላም፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተሩን ሳያጠፋ ለሚቆመው ሚኒባስም የሚደመረው ያው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛውን ማርካ ላድርግ?» የሚል ነው። መልሱ እንደ መካኒኩ ይለያያል። አንዱ በቶታል ይምላል፣ ሌላው ከሼል ውጭ አያስነካም፣ ሦስተኛው ከዱባይ የሚመጣውን አቅርቦ «ያው ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» ይላል።

ሁለቱም ጥያቄዎች ከአጀማመራቸው ይስታሉ ባይ ነኝ። የሞተር ዘይት የሚደክመው በሠራበት ሰዓትና በሠራበት ሁኔታ ስለሆነ የኪሎ ሜትር ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ማርካም ቢሆን ከጀሪካኑ ጀርባ በትንሹ የተጻፉትን ፊደላትና ቁጥሮች ካላነበቡ፣ ዘይቱም በየት በኩል እንደመጣ ካላወቁ ዋስትና አይሆንም።

ነገሩ ዛሬ ከወትሮው ይበልጥ ይከብዳል። በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ የተሰማው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ተሰቀለ። ዘይቱም፣ ፊልትሮውም፣ ሞተር ሲወርድ የሚገዛው ፋሻና ብሮንዚንም ከውጭ ነው የሚመጣው። ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ከሞተር ዘይት ጣጣ ተገላግሏል። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ያለው ግን «ሲደክም በሌላ እቀይረዋለሁ» እያለ የሚዘናጋበት ጊዜ አልፏል። ያለውን ሞተር ማቆየት ግድ ሆኖበታል፤ ለዚህ ደግሞ ከዘይት የቀረበ መንገድ የለውም።

እስቲ 5,000ን በሰዓት እንመንዝረው። በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና 5,000 እስኪሞላ ሞተሩ የሚሠራው 83 ሰዓት ገደማ ነው። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግን ያንኑ ርቀት ለመሙላት 250 ሰዓት ይፈጅበታል። በካርዱ ላይ እኩል ከተጻፈላቸው ሁለት መኪኖች አንደኛው ዘይቱን የሌላውን ሦስት እጥፍ አሠርቶታል ማለት ነው። ጄኔሬተር ያለው ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። የናፍጣ ጄኔሬተር ዘይት አብዛኛውን ጊዜ በየ250 ሰዓቱ እንዲቀየር ይመከራል፤ ዶዘርና ኤክስካቫተርም የሚያዙት በሰዓት ቆጣሪ ነው። በሜክሲኮና በመገናኛ ሰልፍ ውስጥ የሚውለው መኪናችን ከአውራ ጎዳና ተጓዥ ይልቅ ለጄኔሬተር ይቀርባል፤ የምንቆጥርለት ግን በኪሎ ሜትር ነው።

የአሜሪካው ፎርድ ለፖሊስና ለከባድ ሥራ መኪኖቹ ባወጣው መመሪያ ሞተር እየሠራ የሚቆምበትን አንድ ሰዓት ከ25 እስከ 33 ማይል እንደተነዳ አድርጎ ይቆጥረዋል። በኪሎ ሜትር ከ40 እስከ 53 መሆኑ ነው። በዚህ ሒሳብ በቀን ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚሠራ ሚኒባስ በ25 የሥራ ቀናት ውስጥ ቆጣሪው ፈጽሞ ያላያቸው ቢያንስ 2,000 ኪሎ ሜትሮች ሞተሩ ላይ ይጨመሩበታል። ሹፌሩ ገና 3,000 ነው ብሎ ሲረጋጋ ዘይቱ 5,000ን ጨርሷል።

አብዛኞቹ የቤት መኪኖቻችን የተሠሩት በጃፓን ስለሆነ የጃፓኑን መመሪያ ማየት ይበጃል። ቶዮታ ለሀገሩ ገበያ ላወጣቸው ቱርቦ የሌላቸው የቤንዚን መኪኖች ዘይት በየ15,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይቀየር ይላል። ይህን ቁጥር ብቻ ያነበበ ሰው 5,000ን የነጋዴ ፈጠራ ነው ሊል ይችላል። ያው መመሪያ ግን መኪናው አስቸጋሪ ሁኔታ ላይ የሚነዳ ከሆነ ቁጥሩን በግማሽ ይቆርጠዋል፤ 7,500 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር። ቱርቦ ላለው የቤንዚን መኪና ደግሞ 5,000፣ በአስቸጋሪ ሁኔታ 2,500 ነው። አስቸጋሪ የተባሉት ሁኔታዎች እነማን ናቸው? አቧራና ኮረኮንች መንገድ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ጉዞ፣ አጭር ርቀት እየደጋገሙ መመላለስ፣ ቀስ እያሉ መንዳትና ሞተር እየሠራ መቆም። በአሜሪካ የሚያወጣው መመሪያ ታክሲን በስም ጠቅሶ ይጨምራል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ቢሮ የሚደርስ መኪና ከዚህ ዝርዝር የሚቀርበት የለም። ጃፓን ውስጥ ለየት ያለ አያያዝ የሚባለው ለእኛ የዘወትር ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል ቢባል መልሱ ዘይት ውስጥ ባለው ቅመም ላይ ነው። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዘይት ብቻ አይደለም። ጥላሸትን በትኖ የሚይዝ፣ ቆሻሻን የሚያጥብ፣ አሲድን የሚያረክስ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ሽፋን የሚሠራ ኬሚካል ተጨምሮበታል። መጀመሪያ የሚያልቀው ይህ ነው። ሞተር ሳይሞቅ በሚጠፋበት አጭር ጉዞ ከቃጠሎው የሚወጣው እንፋሎት ውኃ ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚንም በፋሻው በኩል ሾልኮ ይወርዳል። በረጅም ጉዞ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ሁለቱም ተንነው ይወጣሉ። በየቀኑ አምስት ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ግን ይህ ዕድል አይገጥመውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ መሆኗም ይጨመርበት። አየሩ ስስ ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርብሬተር ያለው አሮጌ መኪና ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይጠጣል፤ ትርፉ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይገባል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ኪሎ ሜትር መጠበቅ አያስፈልግም።

ስድስት ወር የሚለውም ያለ ምክንያት አልተጻፈም። በአሜሪካ ወይም በዓረብ ሀገር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ለቤተሰብ መኪና የተወ ሰው «እኮ ምን ተነዳና» ሲል ይሰማል። ለሰንበት ብቻ እየተነሳ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሚመለስ መኪና በዓመት 2,000 ኪሎ ሜትር ላይሞላ ይችላል፤ ዘይቱ ግን እርጥበትና አሲድ ይዞ ከብረቱ ጋር ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው መኪና በቀን መቁጠሪያ ነው ዘይት የሚቀየርለት።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ለከተማ የቤት መኪና፣ ተገቢው ዘይት ከነፊልትሮው ከተደረገለት፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ተገቢ ልክ ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይያዝ። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲና ዕቃ አመላላሽ ከ3,500 እስከ 4,000 ባይበልጥ ይሻላል። ሥራው ከከተማ ከተማ የሆነ፣ ጤነኛ ሞተር ያለውና ጥሩ ሲንቴቲክ የሚያደርግ ሰው ደግሞ 7,500 ቢሄድ አይሰጋም። ይህ ሰው በየ3,000ው ዘይት ሲያስቀይር ገንዘቡን እየደፋ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የለመዱት የ3,000 ማይል ልማድም (4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) በአሜሪካ ራሱ ጊዜ አልፎበታል። የካሊፎርኒያ ግዛት የቆሻሻ አስወጋጅ መሥሪያ ቤት ሕዝቡ የመኪናውን መመሪያ እንዲያነብና ያለ ምክንያት በየ3,000 ማይሉ እንዳይቀይር እስከ መቀስቀስ ደርሷል። ዛሬ ቶዮታ በዚያ ሀገር 0ደብሊው-20 ሲንቴቲክ ለሚያደርጉ መኪኖች እስከ 10,000 ማይል ይፈቅዳል፤ አቧራ፣ ታክሲና መጨናነቅ ካለ ግን ወደ 5,000 ማይል ያወርደዋል።

ወደ ዘይቱ ልመለስ። ጀሪካን ሲያነሱ መጀመሪያ የሚታየው የውፍረት ቁጥር ነው፤ 5ደብሊው-30፣ 10ደብሊው-40፣ 20ደብሊው-50። ከደብሊው በፊት ያለው በብርድ፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው ሞተር ሲሞቅ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። በብዙ ጋራዦች «ለሀገራችን አየር የሚስማማው 20ደብሊው-50 ነው» የሚል ጽኑ እምነት አለ። ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። በላዳ፣ በፔጆ 404ና በፊያት ሞተር የተማረ መካኒክ ወፍራም ዘይት ሲሠራ አይቷል፤ ለእነዚያ ሞተሮችም ትክክል ነበር። አዲስ አበባ ላይ 20ደብሊው ዘይት ሞተር አላስነሳ አይልም፤ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው፤ የእኛ የኅዳር ብርድ ያን ያህል አይደለም።

የቪትዝና የያሪስ ሞተር ግን ሌላ ነው። ቪቪቲ-አይ የሚባለው የቫልቮቹን ጊዜ የሚያፈጥንና የሚያዘገይ ሥርዓት የሚንቀሳቀሰው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ የሚያልፈው በጠባብ መንገድና በደቃቅ ወንፊት ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ወፍራም ዘይት ቴስታታው ላይ እስኪደርስ ይዘገያል፤ ካምሻፍቱ ያለ በቂ ዘይት ይዞራል። ቤንዚንም ይበላል። ለዚህ ዓይነት ሞተር 5ደብሊው-30 ይበቃዋል፤ ብዙዎቹ ቶዮታዎች የዘይት መሙያ ክዳናቸው ላይ ቁጥሩ ተጽፎባቸዋል። መመሪያው በጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ያው ስለሆነ ማንም ሊያነበው ይችላል።

ይህን ስል 20ደብሊው-50 ይውደም ማለቴ አይደለም። ቶዮታ ለሞቃት ሀገሮች ያዘጋጃቸው መመሪያዎች ወፍራም ዘይትን እንደየሙቀቱ ይፈቅዳሉ፤ አፋርና ድሬዳዋ የሚሠራ መኪና ወደ 10ደብሊው-40 ወይም 15ደብሊው-40 ከፍ ቢል አያስወቅስም። ዘይት መብላት የጀመረ ብዙ የሠራ ሞተርም አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ሲያገኝ ጊዜ ይገዛል። ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣን ሞተር በወፍራም ዘይት ሸፋፍኖ መሸጥ ግን ገዢን ማታለል ነው፤ ፋሻውና የቫልቭ ላስቲኩ ካለቀ መድኃኒቱ ጋራዥ እንጂ ጀሪካን አይደለም።

በጀሪካኑ ላይ ያለው ሁለተኛው ጽሑፍ ከሁሉ የሚበልጠውና ማንም የማያነበው ነው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ በምህጻሩ ኤ.ፒ.አይ.፣ ለዘይት የጥራት ደረጃ በፊደል ይሰጣል። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) ኤስጄ እስከ 2001 ለተሠሩ፣ ኤስኤል እስከ 2004፣ ኤስኤም እስከ 2010፣ ኤስኤን እስከ 2020 ለተሠሩ ሞተሮች ነው። ኤስፒ በ2020፣ ኤስኪው በ2025 መጡ። አዲሱ የድሮውን ይተካል፤ የድሮው አዲሱን አይተካም።

አሁን አንድ ጀሪካን እናንሳ። አራት ሊትር፣ ወርቃማ ቀለም፣ ፊቱ ላይ የእሽቅድምድም መኪና ሥዕልና «ልዩ ጥራት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለው። ዞር ሲያደርጉት ከታች በትንሹ 20ደብሊው-50፣ ኤስኤፍ/ሲዲ ይላል። ኤስኤፍ ከ1988 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይሆንም ብሎ ያስጠነቀቀው ደረጃውን ያወጣው ተቋም ራሱ ነው። የመጀመሪያው ቪትዝ ገበያ ላይ የወጣው በ1999 ነው። ዘይቱ ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል፤ የተጻፈበትን በትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን መኪናው ሳይሠራ ከዓመታት በፊት ለቀረ ሞተር የተዘጋጀ ነው። የታወቀ ማርካም ቢሆን በዝቅተኛ ደረጃ የሚሸጠው ምርት አለው፤ ቶታልም፣ ሼልም፣ ሞቢልም፣ ካስትሮልም በአንድ ስም ብዙ ዓይነት ይሸጣሉ። ስለዚህ «ቶታል ነው የማደርገው» የሚል መልስ ግማሽ መልስ ነው። ብዙም ስሙ ያልታወቀ ማርካ ኤስኤን ወይም ኤስፒ ደረጃውን በእርግጥ ካሟላ፣ በስሙ ብቻ ከተገዛ የኤስኤፍ ዘይት ይሻላል። ለቪትዝና ለመሰሎቹ ከኤስኤም በታች አይውረዱ፤ ዋጋው ካልከበደ ኤስኤን ወይም ኤስፒ ይያዙ።

«ሞተሩ የለመደውን ማርካ ከቀየርክበት ይበላሻል» የሚባለው መሠረት የለውም። የኤ.ፒ.አይ. ደረጃ የሚሰጠው ዘይት ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ እንዳይረጋና እንዳይለያይ ይፈተናል። መንገድ ላይ ዘይት ጎድሎ የተገኘው ሌላ ማርካ ከሆነ ይጨምሩ፤ በጎደለ ዘይት ከመንዳት እጅግ ይሻላል።

ሲንቴቲክ የሚለው ቃልም የሚያምኑትን ያህል የጠራ አይደለም። በ1999 በአሜሪካ በሞቢልና በካስትሮል መካከል በተነሣ የማስታወቂያ ክርክር፣ ከድፍድፍ ነዳጅ ተነሥቶ በከፍተኛ ደረጃ የተጣራ ዘይት ሲንቴቲክ ተብሎ ሊሸጥ እንደሚችል ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ስም የሚሸጡ ዘይቶች ከተለያየ መነሻ ይመጣሉ። ሁሉም ከተራው ዘይት ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማሉ፣ ረጅም ጊዜም ይቆያሉ። ለቱርቦ ሞተር ሲንቴቲክ ተገቢ ነው፤ በቱርቦው ሙቀት ተራ ዘይት ይከስላል። በየ5,000ው ለሚቀየርለት ጤነኛ ቪትዝ ግን ከፊል ሲንቴቲክ በቂ ነው። ውድ ዘይት ገዝቶ ከፊልትሮው ላይ የሚቆጥብ ሰው ያሳዝነኛል።

ፊልትሮ «አንድ ጊዜ ዝለለው» ሲባል እሰማለሁ። የቶዮታ የ1.5 ሊትር የቪትዝና የያሪስ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር፣ ያለ ፊልትሮ 3.4 ሊትር ዘይት ይይዛል። ፊልትሮ ካልተቀየረ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር የሚያህል አሮጌ ዘይት አዲሱን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ያቆሽሻል። ከዚህ የሚከፋው ፊልትሮው ሲዘጋ ነው፤ ሞተር ዘይት እንዳያጣ ውስጡ ያለው ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። የአየር ፊልትሮም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። በኮምፕረሰር እየተነፋ የሚመለስ የተቀደደ የአየር ፊልትሮ የመንገድ አቧራን ወደ ሲሊንደር ያስገባል፤ አቧራው ደቃቅ አሸዋ ነው፣ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ሲሊንደሩንና ፋሻውን ይፈገፍጋል። የቱንም ያህል ጥሩ ዘይት ይህንን አይከላከልም።

ቸልታ ምን እንደሚያመጣ ትልቁ ምሳሌ ከቶዮታ ከራሱ ነው። ከ1997 እስከ 2002 በተሠሩ የካምሪ፣ የሲዬና፣ የሌክሰስና የሌሎች ሞዴሎች ሞተር ውስጥ ዘይት ረግቶ መንገዱን መዝጋት ጀመረ። ኩባንያው በመጀመሪያ ባለቤቶቹ ዘይት በጊዜው አልቀየሩም አለ፤ ብዙዎቹ ቀይረናል ብለው ተከራከሩ። በ2002 በግምት 3.3 ሚሊዮን መኪኖችን የሚመለከት የነጻ ጥገና ከለላ ሰጠ፤ ነገሩ በፍርድ ቤትም በ2007 በስምምነት ተዘጋ። በክርክሩ የተጠቀመው ደረሰኝ የያዘ ሰው ነበር። ኩባንያውም በኋላ በአሜሪካ የመቀየሪያውን ልክ ከ7,500 ማይል ወደ 5,000 አወረደ። የአምራቹ ቁጥርም ከሥራ ሁኔታው ጋር መመዛዘን እንዳለበት ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ዝቃጭ ራሱ ማየት ይችላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱና በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። በደንብ የተያዘ ሞተር ብረቱ የሻይ ቀለም ይዞ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ያልተያዘው በክዳኑም በቴስታታውም ላይ ጣት የሚይዝ ጥቁር ዝቃጭ ተጋግሮበታል። ክዳኑ ሥር ነጣ ያለ አረፋ ካለ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ አጭር ጉዞም፣ የተበላ ጋርኒሲዮንም ሊያመጣው ይችላል፤ ሳያስመረምሩ አይክፈሉ። ሻጩ የቀባው ቀለምና ያስጠረገው ወንበር ይህን አይሸፍነውም።

ስለ ናፍጣና ባጃጅ ባጭሩ። ቱርቦ ላለው የናፍጣ ሃይሉክስና ሃይኤስ የሲ ፊደሉን ይመልከቱ፤ ሲአይ-4 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። በናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ መጥቆሩ ጥላሸቱን እየያዘ መሆኑን ያሳያል፤ ጥቁረቱን አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌሮች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። በባጃጅና በሞተር ሳይክል ደግሞ አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል፤ ለመኪና የተሠራ ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ስለሚችል ለሞተር ሳይክል የተባለውን፣ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለውን ይግዙ።

ሐሰተኛ ዘይት የዚህ ሁሉ ምርጫ ጠላት ነው። የታወቀ ማርካ ባዶ ጀሪካን በየሰፈሩ በቁራሌው ይገዛል፤ ንጹሕ ክዳን ያለው በተለይ ይፈለጋል። ለምን እንደሚፈለግ ማሰብ ነው። አሮጌ ዘይት ተጣርቶ ወይም ተራ ዘይት ተሞልቶ ሲመለስ በዐይን መለየት ከባድ ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት ተሰብሮ ዳግም መጣበቁን፣ በጀሪካኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥርና ቀን መጥፋቱን ወይም በእጅ መነካካቱን ይፈትሹ፤ ከሶማሌ ተራ ሱቆችም ይሁን ከነዳጅ ማደያ ሲገዙ ደረሰኝ ይጠይቁ። ዋጋው ከሌላው ቦታ ሁሉ በግማሽ የወረደ ከሆነ ሻጩ የሚያጣው ነገር እንደሌለ ይወቁ። በርሜል ከፍቶ ከሚቀዳ ሰው ላይ በርሜሉን ሳያዩ አይግዙ።

ከመቀየር እስከ መቀየር ባለው ጊዜ የምንረሳው ነገር ደግሞ አለ፤ መለኪያውን ማየት። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ዘንጉን መዝዘው ይጥረጉና መልሰው አስገብተው ያውጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት፤ ከላይኛው በላይ ሞልቶ መገኘቱም አረፋ ስለሚያመጣ ጉዳት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ። ብዙ ሰው ይህን «ዘይት መቀየሪያው ደርሷል» ብሎ ይተረጉመውና እስከ ጋራዡ ይነዳል። መብራቱ የሚናገረው የዘይት ግፊት መጥፋቱን ነው፤ የቀረው የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

የተቃጠለውን ዘይት መሬት ላይ ማፍሰስና ወደ ቦይ መልቀቅ በሰፈራችን እንደ ቀላል ነገር ይታያል። በውስጡ የተጠራቀመ የብረት ፍቅፋቂና የካንሰር አምጪ ኬሚካል አለ፤ ቦዩ ደግሞ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚፈሰው። ዘይት የሚቀይር ጋራዥ ሁሉ አጠራቅሞ የሚያስረክብበት አሠራር ያስፈልገዋል፤ ደንበኛውም «የት ትደፉታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ዘይት አስመጪዎች በጀሪካኑ ፊት ለፊት የውፍረቱን ቁጥርና የኤ.ፒ.አይ. ደረጃውን በትልቁ፣ ለየትኛው ዘመን ሞተር እንደሚሆንም በአማርኛ እንዲጽፉ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስገድዳቸው። ከ1988 በኋላ ለተሠራ ሞተር የማይሆን ዘይት ዛሬ ለቪትዝ ባለቤት የሚሸጠው ገዢው ስለማይነገረው ነው። እርስዎም የሚቀጥለውን ዘይት ሲያስደርጉ ፊደሎቹን አንብበው ይግዙ፣ ካርዱ ላይ ከኪሎ ሜትሩ ጋር ቀኑንም ያስጽፉ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ፣ ባዶውን ጀሪካን ደግሞ ማንም ዳግም እንዳይሞላው በሚስማር ወግተው ይጣሉት።